ፍርድ ቤት «ጉዳዩ ፖለቲካዊ ነው» ብሎ መዝገብ ሲዘጋ

ጥያቄ፦ ከጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ የጻፉልን ጠያቂ እንደሚሉት፣ የሚኖሩበት ሰፈር በምክር ቤት ውሳኔ ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላ ተዛውሯል። ከዚያ ወዲህ የይዞታ ማረጋገጫ ሲጠይቁ ሁለቱም ክፍለ ከተሞች «ፋይሉ የእኛ አይደለም» ስላሏቸው የምክር ቤቱ ውሳኔ እንዲሻር ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩ ፖለቲካዊ ስለሆነ በፍርድ አይታይም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ይህ የሕግ መሠረት አለው ወይ?

መልስ፦ መሠረትስ አለው፤ ነገር ግን የእርስዎን ክስ ሙሉ በሙሉ የሚያስዘጋ አይመስለኝም።

«የፖለቲካ ጥያቄ» የሚባለው፣ ማለትም አንዳንድ ጉዳዮች በፍርድ ቤት ሳይሆን በፖለቲካ አካላት ይወሰኑ የሚለው መርህ በስፋት የዳበረው በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ በሮድ አይላንድ «ሕጋዊው መንግሥት እኔ ነኝ» የሚሉ ሁለት ወገኖች ያስነሡትን ክርክር እ.ኤ.አ. በ1849 ሲመለከት፣ ይህን መለየት የኮንግረሱና የፕሬዚዳንቱ ሥራ ነው ብሎ ሳይገባበት ቀረ። በ1962 ግን የቴነሲ መራጮች የምክር ቤት ወንበር ድልድሉ ድምፃችንን አሳንሶታል ብለው ሲከሱ፣ ክሱ ፖለቲካዊ መብትን መንካቱ ብቻውን ከዳኝነት ውጭ አያደርገውም ሲል ወሰነ። በዚሁ ውሳኔ ከተዘረዘሩት መለያዎች ዋነኞቹ፣ ሕገ መንግሥቱ ጉዳዩን በግልጽ ለሌላ አካል ሰጥቶታል ወይ፣ ዳኛውስ የሚመዝንበት ሕጋዊ መለኪያ አለው ወይ የሚሉት ናቸው።

በእኛ አገር መነሻው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው «በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ» ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ አንዳንድ ጉዳዮችን ራሱ ለይቶ ለሌላ አካል ሰጥቷል፤ ሕገ መንግሥትን መተርጎም በአንቀጽ 62 እና 83፣ ክልሎች ያልተስማሙበትን ወሰን መወሰን ደግሞ በአንቀጽ 48 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን ነው። በከተማ ውስጥ ያለ የክፍለ ከተማ ወሰን ግን በአንቀጽ 48 አይሸፈንም። ስለዚህ ጉዳዩን የትኛው ሕግ ለየትኛው አካል እንደሰጠው ሳይጠቅስ «ፖለቲካዊ ነው» ብቻ የሚል ትእዛዝ፣ በእኔ እምነት፣ በይግባኝ ለመተቸት የተጋለጠ ነው። ይህች ሐረግ አስቸጋሪ መዝገብ ለመዝጋት እንደምትመች ጠበቃ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ካልኩ በኋላ የክስዎን የመጨረሻ ገጽ ይመልከቱ። «የሚጠየቀው ዳኝነት» በሚለው ሥር ያሰፈሩት የምክር ቤቱ ውሳኔ እንዲሻር የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ዳኛው ከተማው እንዴት ይዋቀር የሚለውን እንዲወስን ጠይቀዋልና «ፖለቲካዊ ነው» ለሚለው መቃወሚያ በር የከፈቱት እርስዎ ነዎት። ሰፈሩ የትም ይካለል የት የይዞታ መብትዎ አብሮ አይጠፋም፤ ማስረጃውን ማን ይስጥ የሚለውም በሕግ ሊመዘን የሚችል ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዳኝነቱ «በአሁኑ አከላለል ሥልጣን ያለው ክፍለ ከተማ ተለይቶ ፋይሌን ተረክቦ ጥያቄዬን በሕጉ መሠረት እንዲያስተናግድ» በሚል ቢቀረጽ፣ የምክር ቤቱ ውሳኔ ሳይነካ የእርስዎ መብት ብቻ ለክርክር ይቀርባል። ሁለቱ ክፍለ ከተሞች እንዲመልሱ ሁለቱንም ተከሳሽ ያድርጉ፤ እንቢታቸውንም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የቃል መልስ ለማስረጃነት አይመችም።

የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄዎችን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ለሚያጣራው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ እንዲያመለክቱ የሚመክርዎ ቢኖር ገና ነው ይበሉት፤ ጉባኤው ያሉት የአቤቱታ ደረጃዎች አስቀድመው እንዲያልቁ ይፈልጋል።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323(2) ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ የትእዛዙን ግልባጭ ሳይዘገዩ ያውጡ። ፍሬ ነገሩ ስላልታየ፣ ከይግባኙ ይልቅ በተስተካከለ ዳኝነት አዲስ ክስ ማቅረብም በመርህ ደረጃ ክፍት ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ እኔ የማስቀድመው ይህንኛውን ነው።