የመጀመሪያው የሥራ ጫማዬ ምን ዓይነት ይሁን?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ። ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬያለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ሥራ እጀምራለሁ። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው እንዲገቡ ይጠይቃል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያደረግሁት ሸራና ስፖርት ጫማ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ቆዳ ጫማ የማውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ወይ አንድ ጥሩ ጫማ፣ ወይ ሁለት መካከለኛ ጫማዎች ይገዛልኛል። አንዱ ሻጭ «ኦክስፎርድ ውሰድ» ሲለኝ ሌላው «ደርቢ ይሻልሃል» ይለኛል። ሁሉም ጫማ ላይ «እውነተኛ ቆዳ» የሚል ጽሑፍ አለ። የእግሬ ጀርባ ከፍ ያለ በመሆኑ አብዛኛው ጫማ እዚያ ላይ ይይዘኛል፤ ጠበበኝ ስላቸው ደግሞ ሁሉም «ሲደረግ ይለቃል» ይሉኛል። ምን ዓይነት፣ በምን ቀለም፣ ምን ምን አይቼ ልግዛ?
አዲስ ተቀጣሪ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልጀምርና ሻጮቹ «ሲደረግ ይለቃል» የሚሉትን አስቀድሜ ላንሳ፤ ስለ ዓይነቱ፣ ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ስፌቱ ከምናወራው ሁሉ የሚበልጠው ጫማው በእግርዎ ልክ መሆኑ ነውና። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የቆዳ ጫማ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ በጎንና በእግር ጀርባ በኩል ጥቂት ይሰፋል፣ የባለቤቱንም የእግር ቅርጽ ይይዛል። በርዝመቱ ግን አይለቅም። የጣቶቹ መሸፈኛና የተረከዙ ማቀፊያ በቆዳውና በገበሩ መካከል በገባ ደረቅ ነገር የተጠናከሩ ናቸው፤ ሶሉም አይለጠጥም። ስለዚህ ዛሬ አውራ ጣትዎን የሚነካ ጫማ ከዓመት በኋላም ይነካዋል። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን የቆዳ ጫማዬን የገዛሁት ይህንኑ ቃል አምኜ ነበር፤ ለቃለ መጠይቅ የተቀመጥኩት ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረው ነው፣ ጫማውም እንደ ጠበበ ለታናሽ ወንድሜ ተላለፈ።

ወደ ሱቅ የሚሄዱት ከሰዓት በኋላ ይሁን። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበትና ሲሄዱበት ስለሚያብጥ፣ ጠዋት የተመቸ ጫማ አሥር ሰዓት ሲሆን ሊያስጨንቅ ይችላል። ለሥራ የሚያደርጉትን ስስ ካልሲ ይዘው ይሂዱ፤ በወፍራም የስፖርት ካልሲ የተለካ ጫማ በስስ ካልሲ ይሰፋል። ሁለቱንም እግርዎን ቆመው ያስለኩ፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ጥቂት ስለሚበልጥ፣ የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው። ቁጥሩን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ውሳኔ አይቁጠሩት። በአውሮፓው የቁጥር ስልት በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.67 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእንግሊዙ ስልት ግን የኢንች አንድ ሦስተኛ ወይም 8.47 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲመነዘር በትክክል የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካው የወንዶች ቁጥር ደግሞ ከእንግሊዙ በአንድ ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ጫማው የሚሠራበት ፎርማ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ አንዱ ዘንድ 42 የሆነ ሰው ሌላው ዘንድ 41 ሊሆን ይችላል፤ የስፖርት ጫማዎ ቁጥር እንኳ ከቆዳ ጫማዎ ቁጥር ከፍ ብሎ ቢገኝ አይደነቁ።

ጫማውን አድርገው ክሩን ካሰሩ በኋላ ሻጩ አውራ ጣቱን በጫፉ ላይ ጫን አድርጎ «ይኸው ቦታ አለው» ይልዎ ይሆናል። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ጫማ ለመልኩ ሲባል ከጣቶቹ ፊት ባዶ ቦታ ስለሚተውለት ይህ ብዙ አይነግርዎትም። የሚሻለው መለኪያ እግር የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ከአውራ ጣት በስተኋላ ወደ ጎን ወጣ ያለው አጥንት፣ ማለትም እግር ከሁሉ የሚሰፋበት ቦታ፣ ጫማው ከሁሉ በሚሰፋበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። ሲራመዱ ጫማው የሚታጠፈው ከዚያ ነጥብ ፊት ወይም ኋላ ከሆነ፣ ርዝመቱ ትክክል ቢመስልም ፎርማው የእርስዎ አይደለም። ቀጥሎ ክሩ የሚያልፍባቸውን ሁለቱን የቆዳ ክንፎች ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። በአዲስ ጫማ በክንፎቹ መካከል ከትንሿ ጣት ውፍረት የማይበልጥ ክፍተት ቢኖር መልካም ነው። ገና በሱቁ ውስጥ ተገጣጥመው ከተዘጉ፣ ቆዳው ሲለቅ ክሩን የሚያጠብቁበት ቦታ አይቀርልዎትም። ወደ ላይ ሲሄዱ እንደ ተከፈተ መቀስ ከተራራቁ ደግሞ ጫማው ለእግርዎ ጀርባ ጠቧል ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ምልክት በተለይ እርስዎን ይመለከታል፤ የኦክስፎርድና የደርቢ ጥያቄም የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በኦክስፎርድ ሁለቱ ክንፎች ከፊተኛው ቆዳ ሥር ገብተው ይሰፋሉ፤ ክሩ ሲጠብቅ አንድ ላይ ገጥመው ይዘጋሉ፣ መልኩም ጥብቅና ንጹሕ ይሆናል። በደርቢ ግን ክንፎቹ ከፊተኛው ቆዳ በላይ ተደርበው ስለሚሰፉ ታችኛው ጫፋቸው ነጻ ነው፤ የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ ሰው እንደ ልቡ ሊያላላቸው ይችላል። ኦክስፎርድ ከሁለቱ ይበልጥ ለክብር የሚሆን ተደርጎ ይቆጠራል፣ ይህም ትክክል ነው። ሆኖም ቢሮ ውስጥ ቆሞ የሚያናግርዎት ሰው ክንፉ ከሥር ይሁን ከላይ መሰፋቱን የሚለይ አይመስለኝም፤ ክንፎቹ ተራርቀው ምላሱ በመካከላቸው ሲታይ ግን ማንም ይለየዋል። ስለዚህ የእኔ ምክር ደርቢ ነው። ጫፉ ላይ አንድ አግድም ስፌት ብቻ ያለበት ወይም ጭራሽ ጌጥ የሌለበት ቢሆን እመርጣለሁ፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ያጌጠው ጫማ መልካም ቢሆንም እየደመቀ በሄደ ቁጥር ከሙሉ ልብስ እየራቀ ስለሚሄድ ለሁለተኛ ጊዜ ይቆይ። ጫፉ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን የሆነውን ወይም እንደ ጦር የሾለውን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም፤ ሁለቱም ከጫማው ዕድሜ በፊት ፋሽናቸው ያልፋል።

ቀለሙ ጥቁር ይሁን። ጥቁር ጫማ ከጥቁር፣ ከግራጫና ከጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ጋር ያለ ጥያቄ ይሄዳል። ጥቁር ቡኒ ከኋለኞቹ ከሁለቱ ጋር እጅግ ያማረ ቢሆንም ከጥቁር ልብስ ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ እሱም ለሁለተኛው ይቆይ። ቀበቶዎንም በዚያው ቀለም ያድርጉት።

አሁን ገልበጥ አድርገን ሶሉን እንመልከት፤ የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። የላይኛው ቆዳ ከሶሉ ጋር የሚያያዝባቸው ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በማስቲሽ ብቻ መለጠፍ ነው፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ ማስቲሹ ሲደክም ግን ጫማው ከፊት በኩል አፉን ይከፍታል። ሁለተኛው ብሌክ የሚባለው ስፌት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ማሽኑን ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1858 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበው አሜሪካዊ ከላይማን ብሌክ ነው። በዚህ አሠራር መርፌው ከጫማው ውስጥ ተነሥቶ የውስጡን ሶል፣ የላይኛውን ቆዳና የታችኛውን ሶል በአንድ ጊዜ ወግቶ ስለሚያልፍ፣ ጫማው ቀጭን፣ ቀላልና ቶሎ የሚታጠፍ ይሆናል። ጉዳቱ ክሩ በቀጥታ ከመሬት ወደ እግር ስለሚያደርስ ውሃ በስፌቱ ሊገባ መቻሉ፣ እንዲሁም ሶሉን ለመቀየር ክንዱ ጫማ ውስጥ የሚገባ ልዩ ማሽን የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ጉድይር ዌልት የሚባለው ነው። ስሙ የጎማውን አሠራር በፈለሰፈው በቻርልስ ጉድይር ሳይሆን በልጁ የመጣ ነው። በጫማው ዙሪያ ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ከላይኛው ቆዳና ከውስጡ ሶል ጋር ይሰፋል፣ የታችኛው ሶል ደግሞ በሌላ ስፌት ከዚያ ጥብጣብ ጋር ብቻ ይያያዛል። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሠሪው የውጪውን ስፌት ፈትቶ አዲስ ሶል ሲሰፋ የላይኛው ቆዳ አይነካም፤ ይህም ደጋግሞ ሊደረግ ይችላል። በሁለቱ ሶሎች መካከል በሚቀረው ክፍተት የሚሞላው ቡሽም እየዋለ ሲያድር የእግርዎን አሻራ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ ይህንን አስቀድመው ይወቁት።

በእነዚህ መካከል ለመለየት የሻጩን ቃል ሳይሆን ዓይንዎን ይመኑ። እጅዎን ወደ ጫማው ውስጥ ከትተው የውስጡን ሶል ዳር ዳር ይዳስሱ፤ በዙሪያው የክር መስመር ካገኙ ብሌክ ነው፣ ምንም እንኳ መስመሩ አንዳንድ ጊዜ ከላዩ በተለጠፈ ስስ ቆዳ ቢሸፈንም። ውስጡ ክር የሌለው ሆኖ በውጪው ጠርዝ ላይ ስፌት ከታየ ዌልት ሊሆን ይችላል፤ ሊሆን ይችላል የምለው በማስቲሽ የተለጠፉ ብዙ ጫማዎች ለማሳመር ብቻ ጠርዛቸው ላይ የውሸት ስፌት ስላላቸው ነው። በጠርዙ ላይ ያለውን ክር በጥፍርዎ ፈተሽ ያድርጉት። ክር ሳይሆን ከጎማው ጋር አብሮ የተቀረጸ ቅርጽ ከሆነ፣ የስፌት ዋጋ ሊያስከፍሉዎት አይገባም።

«እውነተኛ ቆዳ» የሚለው ጽሑፍ ቁሱ ቆዳ መሆኑን እንጂ የትኛው የቆዳ ክፍል መሆኑን አይናገርም። አንድ ሌጦ ወደ ጎን ሲሰነጠቅ፣ ፀጉሩ የነበረበት የላይኛው ንጣፍ ጭረቱ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው፤ የታችኛው ንጣፍ ይላላል። የታችኛውን ንጣፍ ወይም ጉድለት ኖሮበት የተፋቀውን የላይኛውን በወፍራም ቀለምና በፕላስቲክ ሸፍኖ መሸጥ የተለመደ ነው፤ «እውነተኛ ቆዳ» ተብሎ ቢጻፍበትም ውሸት አይባልም። በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት። ጥሩ ቆዳ በጣትዎ ዙሪያ እንደ እጅ ቆዳ ጥቃቅን መስመሮች ያወጣና ሲለቁት ይጠፋሉ፤ የተሸፈነው ግን ያለ መስመር ይሰረጉዳል፣ ብልጭታውም እንደ መስታወት አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ከወራት በኋላ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሲታጠፍ ይሸበሸባል፣ ሁለተኛው ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀን ደግሞ ምንም ቀለም አያድነውም። ገበሩም ቆዳ ይሁን፤ እግር የሚያልበው በውስጥ ነውና።

ስለ ሶሉ ብዙ አልልም፤ የቆዳ ሶል ውብ ነው፣ ነገር ግን እርጥብ ወለል ላይ ያንሸራትታል። ያለው አንድ ጫማ ብቻ ለሆነ ሰው ከጎን ሲታይ ወፍራም የማይመስል ስስ የጎማ ሶል ይበልጣል።

አንድ ወይስ ሁለት ላሉት፣ አንድ ጥሩ ይግዙ እላለሁ። ከዚህ ምክር ጋር የሚመጣ ችግር ግን አለ፤ የቆዳ ጫማ ቀን የጠጣውን ላብ በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም፣ በየቀኑ ያለ ዕረፍት የሚደረግ ጫማም ቶሎ ያረጃል። ሁለተኛውን በደመወዝዎ እስኪገዙ ድረስ መንገዱን በለመዱት የስፖርት ጫማ ሄደው ቢሮ ሲደርሱ ይቀይሩ። ማታ ሲያወልቁ ክሩን ፈትተው ያውልቁ፣ ተረከዝዎን ሲያስገቡም በጫማ ማንኪያ ያስገቡ፤ ክሩን ሳይፈቱ በሌላው እግር እየረገጡ ማውለቅ የተረከዙን ማቀፊያ የሚሰብር ልማድ ነው። ውስጡ ቀለም ያልተቀባ የእንጨት ፎርማ ቢያስገቡበት እርጥበቱን ይጠጣል፣ ሽብሽባቱንም ይዘረጋል። ቢረጥብ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ በጥላ ይድረቅ። ታኮው ተበልቶ ከሥሩ ወዳለው ቆዳ ከመድረሱ በፊት ያስቀይሩት፤ ከዚያ በኋላ ሥራውም ወጪውም ይበዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ጫማውን ገዝቻለሁ፤ ዌልት ያለው ኦክስፎርድ ነው። ጎኑና ጣቶቹ ተመችተውኛል፣ ስራመድ ግን ተረከዜ ከጫማው ብቅ ይላል። ቁጥሩ በልጦብኝ ይሆን?
ተረከዜ ያስቸገረኝ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሳይታጠፍ የቆየ አዲስ ሶል እግር ሲነሣ አብሮ ስለማይነሣ ተረከዝ ጥቂት ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሶሉ ሲላመድ ይቀንሳል። ለጥቂት ቀናት ማታ ማታ ቤት ውስጥ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ አንድ አንድ ሰዓት ያድርጉት፤ ሶሉ ካልተጫረ ለመመለስም እድል ይኖርዎታል። ካልቀነሰ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከተረከዙ በኩል ስፖንጅ አይለጥፉ፤ ያ እግርዎን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከምላሱ ሥር ስስ ስፖንጅ ያስለጥፉ፤ እግርዎን ወደ ኋላ ገፍቶ ተረከዙን በቦታው ያስቀምጠዋል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ርዝመቱ ልክ ከሆነ ነው። ጫማውን አድርገው በእግር ጣቶችዎ ይቁሙና ሽብሽባቱ የት እንደ ወጣ ይመልከቱ፤ ከአውራ ጣትዎ ሥር ካለው አጥንት ፊት፣ ወደ ጣቶቹ መሐል ከሆነ፣ ጫማው ረዝሞብዎታል፤ ሶሉ ሳይቆሽሽ ይመልሱት።