የበሬው ሻኛ እና ከመቅደሱ ጀርባ ያለው ድንጋይ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ ዝግጅት ክፍሎች፣ ዱባይ ነው የምሰራው። አብራኝ የምትሰራ ህንዳዊት ፈቃድ ወጥታ ኬዳርናት የሚባል ተራራ ላይ ያለ ቤተ መቅደስ ተሳልማ መጣችና ፎቶ አሳየችኝ፣ ከመቅደሱ ጀርባ ትልቅ ቋጥኝ አለ፣ «እሱ ነው ያተረፈው» አለችኝ። ውስጥ የሚሰግዱለት ደሞ የበሬ ሻኛ ነው ትላለች። የምሯን ነው ወይስ እየቀለደችብኝ ነው?

መልስ፦ የምሯን ነው እህታችን። ሻኛ ሲባል እኛ ሀገር ቶሎ ትዝ የሚለው ስጋ ቤት ስለሆነ ግር ቢልሽ አይገርምም (ይሄን ግን ለሷ እንዳትነግሪያት)።

ነገሩ ማሃባራታ በሚባለው የህንዶች ጥንታዊ ተረክ ውስጥ ካለው ጦርነት ይጀምራል። አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች የገዛ አጎታቸውን ልጆች ጨርሰው አሸነፉ፣ ግን የዘመድ ደም ነውና እንቅልፍ ነሳቸው፣ ከሂንዱ አማልክት አንዱ የሆነው ሺቫ ይቅር እንዲለን ብለው ፍለጋ ወጡ። ሺቫ ደሞ ሊያያቸው አልፈለገም፣ ሸሸ! እነሱ ሲከተሉት ሂማሊያ ገብቶ በሬ ሆነና ከሚግጡ ከብቶች ጋር ተቀላቀለ። ከወንድማማቾቹ ጉልበተኛው ቢማ ምን አደረገ መሰለሽ፣ አንድ እግሩን አንዱ ተራራ ላይ ሌላውን እግሩን ሌላው ላይ አድርጎ አንፈራጦ ቆመ፣ ከብቱ ሁሉ በእግሮቹ መሃል ሲያልፍ አንዱ በሬ ብቻ አላልፍም ብሎ ቀረ፣ በዚህ አወቀው። ዘሎ ሊይዘው ሲል በሬው መሬት ውስጥ ሰመጠ፣ ከላይ የቀረው ሻኛው ብቻ ነው። ሌላው አካሉ ሌላ ሌላ ቦታ ወጣ ይላሉ፣ ክንዱ ቱንግናት፣ ፊቱ ሩድራናት፣ እምብርቱ ማድያማሄሽዋር፣ ፀጉሩ ካልፔሽዋር፣ ለዛ ነው አምስቱም ጋ መቅደስ ያለው። ኬዳርናት ውስጥ ሻኛው ነው የሚባለው ያልተጠረበ ባለ ሶስት ማዕዘን ድንጋይ ነው፣ ምእመናኑ በእጃቸው የነጠረ ቅቤ ይቀቡታል። እኔ ከታሪኩ የምወደው አምላክየው መሸሹን ነው፣ ይቅርታው በቀላሉ አልተገኘም።

የቋጥኙ ነገር ግን ተረት አይደለም። በፈረንጆቹ ሰኔ 2013 ከባድ ዝናብ ዘነበና ከመቅደሱ በላይ ያለው የቾራባሪ የበረዶ ሀይቅ ተደረመሰ፣ ውሃው ድንጋይና ጭቃ እየነዳ ከተማዋ ላይ ወረደ፣ በአካባቢው በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፣ ብዙዎቹ ልክ እንደ ጓደኛሽ ሊሳለሙ የሄዱ ነበሩ። ያ ቋጥኝ ግን ተንከባሎ መጥቶ ልክ ከመቅደሱ ጀርባ ቆመና ጎርፉን ለሁለት ከፈለው። አሁን ቢም ሺላ ይሉታል፣ የቢማ ድንጋይ ማለት ነው፣ በሬውን ያባረረው ሰውዬ ዘብ ቆመ እንደማለት። እርግጥ መቅደሱ ራሱ በትላልቅ ጥርብ ድንጋይ የተሰራ ጠንካራ ነው፣ ሁሉንም ለቋጥኙ መስጠት ይከብዳል። እዛው ከጀርባ የነበረው የፈላስፋው የአዲ ሻንካራ መታሰቢያ ደሞ አልተረፈም፣ 2021 ላይ ነው አዲስ ሀውልት የቆመለት።

ቦታው 3,580 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ክረምታቸው ሲገባ በበረዶ ይዘጋል፣ ያኔ የሺቫን ምስል በትከሻ ተሸክመው ኡኪማት ወደምትባል ከተማ ያወርዱትና በጋ ሲጠባ መልሰው ያወጡታል። ከጋውሪኩንድ ተነስቶ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው፣ በቅሎም ሄሊኮፕተርም አለ፣ እስቲ ጓደኛሽን በምን እንደወጣች ጠይቂያትና ፃፊልን።