በግሪክ ደሴቶች ጀልባ መከራየት፦ ከደሴቱ በፊት ነፋሱን እዩ

እህቴ፣ በጁላይ ከባለቤትሽና ከሁለት ልጆችሽ ጋር ወደ ግሪክ ልትሄዱ እንደሆነ ጽፈሻል። ለአንድ ቀን ራሳችሁ የምትነዷት ትንሽ ጀልባ ፈልጋችኋል። የትኛው ደሴት ይሻላል፣ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ፣ ቀድሞ መያዝስ ይሻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ ቤት በጣም የምንወደው ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

የፈቃዱን ቶሎ ልጨርሰው። ግሪክ ውስጥ ሞተሯ ከ30 የፈረስ ጉልበት የማይበልጥ ጀልባ ያለ መንጃ ፈቃድ ትከራያላችሁ። የሚነዳው ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አነዳዱን አከራዩ እዚያው ወደቡ ላይ ያሳያችኋል። ጉልበቷ ከዚያ ከበለጠ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ካልሆነም ከነነጂዋ መያዝ ነው። ለእናንተ ትንሿ ትበቃለች።

ትልቁ ጉዳይ ነፋስ ነው። ብዙ ሰው ፎቶ አይቶ ደሴት ይመርጣል፣ ጀልባውን እዚያ ከደረሰ በኋላ ያስባል። እናንተ ግን ጀልባ ዋናው ፍላጎታችሁ ከሆነ ባሕሩን አስቀድማችሁ ምረጡ።

በምሥራቅ በኩል ባለው በኤጂያን ባሕር ላይ በጁላይና በኦገስት ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እያለ ነው። ዝናብ የለ፣ ደመና የለ፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። አንዴ ከተነሣ ለቀናት ላያቆም ይችላል። ማይኮኖስ፣ ፓሮስና ናክሶስ መንገዱ ላይ ናቸው። ደሴቶቹ እጅግ ያምራሉ። ግን ልጆች ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ለሚነዳ ሰው በእነዚያ ወራት አልመክራቸውም።

በምዕራብ ያለው የአዮኒያን ባሕር ለእናንተ ይሻላል። እዚያ በበጋ ጠዋት ጠዋት ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ የተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሣል፣ ወደ ማታ ይበርዳል። ስለዚህ ቀናችሁን በእሱ ልክ ማቀድ ትችላላችሁ።

ከዚያም ውስጥ የእኔ ምርጫ የሌፍካዳ ደሴት ነው። ምሥራቃዊ ዳርቻው ላይ ኒድሪ የምትባል ከተማ አለች። ከፊቷ ሜጋኒሲና ሌሎች ትናንሽ ደሴቶች ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው ደግሞ የዋናው ምድር ተራሮች አሉ። መሀሉ ያለው ውኃ ከክፍት ባሕር የተከለለ ነው። በአጭር ጉዞ ከአንዱ መዋኛ ወደ ሌላው ትደርሳላችሁ። ሌፍካዳ ከዋናው ምድር ጋር በድልድይ ስለምትገናኝ በመኪና መግባትም ይቻላል።

እዚያው አዮኒያን ላይ ያለው የፓክሶስ ደሴትም ልብ ይማርካል። ከወደቡ ከጋዮስ ተነሥታችሁ ወደ ደቡብ ወደ ትንሿ አንቲፓክሶስ ደሴት ብትሄዱ፣ ቩቱሚ የሚባለው መዋኛ ውኃ ከታች ያለው አሸዋ እስኪታይ ድረስ የጠራ ነው። ግን ወደ ጋዮስ ስትመለሱ የከሰዓቱ ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። በጠዋት ሂዱ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ተመለሱ። የምዕራቡን ዳር ገደሎችና ዋሻዎች ባሕሩ ፀጥ ላለበት ቀን አቆዩት፣ ክፍት ባሕር ነው።

ሌላውን የአዮኒያን ደሴት ዛኪንቶስን ካሰባችሁ፣ የላጋናስ ወሽመጥ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ነው። ጀልባ የማይገባበት ቦታ አለ፣ በሚገባበትም ፍጥነት እስከ 6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እባካችሁ አክብሩት። ካርታውን ከአከራዩ ተቀበሉ።

ስለ አከራይ ልንገርሽ። አንድ ጠዋት ተዘጋጅተን ወደቡ ላይ ስንደርስ አከራያችን ገንዘባችንን መልሶ «ዛሬ አይሆንም፣ ነገ ኑ» አለን። ወደቡ ውስጥ ውኃው ፀጥ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ወጥተን ስናይ ከደሴቱ ጫፍ ወዲያ ባሕሩ ነጭ አረፋ ብቻ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው «ነፋስ ቢነሣ ቀን ትቀይሩልናላችሁ ወይስ ገንዘቡን ትመልሳላችሁ?» ብዬ ነው። መልሱ የሚያወላውል ከሆነ ሌላ አከራይ ጋ እሄዳለሁ።

ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይከፈላል። ማስያዣው ምን ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይንገሯችሁ፣ በተለይ ፕሮፔለሩን፣ ማለትም ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋውን። ድንጋይ ነክቶት ቢጎዳ ብዙ ጊዜ ከማስያዣው ላይ ይቆረጣል። ከመነሣታችሁ በፊት ጀልባዋን ዙሪያዋን በስልክ ቅረጹ። የልጆቹን ላይፍ ጃኬት እዚያው አልብሳችሁ ለኩ፤ የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም። ጥላና መሰላል የሌላትን አትውሰዱ። ያለ መሰላል ከውኃ ወደ ጀልባ መውጣት ለአዋቂም ከባድ ነው።

መልህቅ አጣጣልን አንዴ አሳዩን ብላችሁ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ወደ ታች ስታዩ ነጣ ያለው አሸዋ ነው፣ ጠቆር ያለው ድንጋይ ወይም የባሕር ሣር ነው። አሸዋው ላይ ጣሉ። ሣሩ ላይ መልህቁ በደንብ አይዝም፣ ሣሩም ይነቀላል። መልሶ ለማደግ ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፣ ለዓሦቹም መጠለያቸው ነው። ገመዱን የጥልቀቱን 4 ወይም 5 እጥፍ ልቀቁ። ውኃው 4 ሜትር ከሆነ እስከ 20 ሜትር ገመድ ማለት ነው። ቁልቁል አንጠልጥሎ መተው አያቆማትም። ከዚያ አንዳችሁ የመዋኛ መነጽር አድርጋችሁ መልህቁ መያዙን እዩ።

ልጆቹ ውኃ ውስጥ ካሉ ወይም ወደ መሰላሉ እየመጡ ከሆነ ሞተር ይጥፋ። በዚህ ድርድር የለም። የሞተር ማጥፊያዋን ገመድ ነጂው ሁልጊዜ ሰውነቱ ላይ ይሰር፤ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። የትልቅ መርከብ ማዕበል ሲመጣ ፍጥነት ቀንሳችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ ግቡበት፣ ጎናችሁን አትስጡት። የግሪክ የባሕር ጥበቃ ስልክ 108 ነው፣ 112ም ይሠራል።

ቀድሞ መያዙን በተመለከተ፣ በጁላይ ጀልባ ቶሎ ስለሚያልቅ ያዙ። ግን የዕረፍታችሁን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምረጡ። ነፋስ ቢከለክላችሁ ወደፊት የምትገፉበት ቀን ይኖራችኋል። የት እንደወሰናችሁ ከጻፍሽልኝ ከየትኛው ወደብ መነሣት እንደሚሻል አብረን እናያለን።