ይሉኝታ ዋርድ ሲገባ

በሐዋሳ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ሐኪሙን «ዶክተር»፣ አንጋፋዋን አዋላጅ «ሲስተር» ብላችሁ አንቱ ማለታችሁ ደግ ነው፤ አትተዉት። የሚጎዳው አብሮት የሚመጣው ዝምታ ነው። ኢንተርኑ (ተለማማጅ ሐኪሙ) «ስንት ዓመት የሠራችን ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ» ይላል፤ ሲስተር ደግሞ «ዶክተር ነው፣ ያውቃል» ትላለች። እንዲህ ተከባብረው በሽተኛዋን ይጎዷታል።

መንቀጥቀጥን የሚከላከለውን መድኃኒት ማግኒዥየም ሰልፌትን እንይ። በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ከጤና ጣቢያ ሪፈር የምትጻፍ እናት የመጀመሪያውን ዶዝ እዚያው ልትወስድ ትችላለች፤ በደም ሥር 4 ግራም፣ በሁለቱ መቀመጫ 5፣ 5 ግራም። ወረቀቱ «ማግኒዥየም ተሰጥቷል» ብቻ ካለ ተቀባዩ ወይ ይደግምባታል፣ ወይ በየ4 ሰዓቱ የሚቀጥለውን 5 ግራም ያሳልፍባታል። ሲደገም ትንፋሿ ሊቆም፣ ሲዘለል ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ስለዚህ አምቡላንሱ ሳይመለስ አብሯት የመጣውን ባለሙያ ስንት ግራም፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱንም «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ አጣሩ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፣ ከአንድ ዶዝ እስከ ቀጣዩ ካለው ጊዜ ይበልጣል።

በርክክብ ጊዜ «ደህና ናት» አትበሉ። ቀጣዩ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክሷ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ መፈናጠሩ) ያለ፣ ሽንቷም ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ያላነሰ መሆን አለበት። የማግኒዥየም ማርከሻ የሆነው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ፤ ፋርማሲ ውስጥ ተቆልፎበት ያለ ማርከሻ እንደሌለ ቁጠሩት።

ይሉኝታ የያዛት ነርስ በሌሊት ደውላ «ዶክተር፣ ትንሽ ደከም ብላለች» ትላለች። ዶክተሩም «ጠዋት አያታለሁ» ብሎ ይተኛል። እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ፤ አልጋ 7 ያለችው እናት ትንፋሿ በደቂቃ 10 ነው፣ ሪፍሌክስ የላትም። ማግኒዥየሙን አቁሜያለሁ፣ ካልሲየሙ ተዘጋጅቷል። አሁኑኑ ይምጡልኝ።» አክብሮቱ «ይምጡልኝ» ላይ አለ፤ ቁጥሩን ማለስለስ አያስፈልገውም።

ሐኪም ለምትሆኑት ደግሞ፦ በስልክ የሰጣችሁትን ትእዛዝ መጠኑን መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቁ፤ 5 እና 15 በስልክ ይምታታሉ። በሌሊት ስለጠራችሁ አንድ ጊዜ የጮኻችሁባት ነርስ በሚቀጥለው ተረኝነት እስኪነጋ ትጠብቃለች።

የጽዳት ሠራተኛዋንም አትርሱ። አስታማሚዎችን በሲዳሙ አፎ የምታነጋግረው እሷ ከሆነች፣ የሕመሙን ምልክቶች፣ የራስ ምታቱንና የዓይን ብዥታውን፣ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። «አንቺን ምን አገባሽ» የተባለች ቀን ሁለተኛ አትነግራችሁም።