ኮርኒሱ ላይ ማን ነው የሚሄደው?

አንባቢዎቼ እንደምታውቁት በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን፣ በደብሬ ዲያቆን ነኝ። ሰው «ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ብሎ ሲጠራኝ ቴስተሬንም ዳዊቴንም ይዤ ነው የምሄደው። ከሰሞኑ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ድምፅ፣ ስለ ጥላና ስለ ሌሊት ስለሆኑ ይህን እትም ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮልፌ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሰላም የለንም። ማታ ማታ ራሴን ይወቅረኛል። ልጆቼም ራሳችንን ይላሉ። ጥግ ላይ ጥቁር ነገር ሲያልፍ አያለሁ። ትልቋ «ስሜን ጠሩኝ» እያለች ትነሳለች። ጎረቤቴ የቀድሞው ተከራይ እዚሁ ቤት ነው የሞተው አለችኝ። አንድ «አገልጋይ ነኝ» የሚል ሰው ቤቱን ለማጽዳት 15 ሺህ ብር ጠይቆኛል። ተበድሬ ልክፈል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትከፍዪ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ከሰሉ የት ነው የሚያድረው?

ጭንቀትሽን ማቃለሌ አይደለም። ራስ ምታቱ ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ የሚይዝ ከሆነ፣ ከቤት ስትወጡ የሚለቃችሁ ከሆነ፣ ደግሞም ከብርዱ ጋር የመጣ ከሆነ እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ምድጃውን ነው። ክረምት ላይ በርና መስኮት ይዘጋል። ስንጥቁ በጨርቅ ይወተፋል። ቡና የተፈላበት ከሰል «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ ውስጥ ያድራል። ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀላ ሲል ልቡ ያርፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከዚያ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። አንጎል ኦክስጅን ሲያንሰው ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ሰው ግራ ይጋባል፤ አንዳንዴም የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል። ሲብስ ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ1921 ዊልያም ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ያሳተመው ታሪክ አለ። አንድ ቤተሰብ ትልቅ አሮጌ ቤት ይገባል። ኮቴ ይሰማሉ። ሌሊት ሰው ቆሞ ያያሉ። ልጆቹ ይገረጣሉ፣ የተከሏቸው አበቦች ይደርቃሉ። በመጨረሻ የቤቱ ማሞቂያ ሲፈተሽ ጭሱ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ክፍሎቹ ይለቀቅ ነበር። እሱ ሲስተካከል «መናፍስቱም» ቀሩ።

ስለዚህ ከሰሉን ከዛሬ ማታ ጀምሮ አውጪው። በረንዳ ላይ አፍልተሽ እዚያው ይደር። መስኮቱን ገርበብ አድርጊው። ከልጆቹ አንዱ ቢያስመልሰው ወይም ቢዝለፈለፍ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ንጹሕ አየር፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ለጥቂት ሳምንት እንዲህ አድርገሽ ራስ ምታቱና ጥላው ከቀረ ፍርዱን አንቺው ትሰጪያለሽ።

ቤቱ እንዲባረክልሽ ከፈለግሽ የንስሐ አባትሽን ጥሪያቸው። ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጫሉ። ለዚህ የዋጋ ዝርዝር የለውም። 15 ሺህ የጠየቀሽ ሰውዬ ስለ ከሰሉ አንድም ቃል ጠይቆሽ ነበር? ደግሞ ያቺን ጎረቤትሽን፣ የቀድሞው ተከራይ በምን እንደሞተ ጠይቂልኝ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዲያቆን። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጣሪያዬ ላይ ሰው ይራመዳል። ቀው፣ ቀው፣ ቀው ይልና ዝም። ውድቅት ላይ ደግሞ ኮርኒሱ ውስጥ የሚጎተት ነገር አለ። ልጆቼ «አባባ አረጀ» ብለው ይስቁብኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ እነሱ ይሳቁ። ጆሮዎ ደህና ነው። የሚሰሙት ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ ለይተው መጻፍዎም ሥራዬን አቅልሎልኛል።

የመጀመሪያው ቆርቆሮው ነው። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ቀን ያግለዋል፣ ማታ ብርዱ ይይዘዋል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። 6 ሜትር ቆርቆሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲወርድ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ምንም አይመስልም። ግን በምስማር ተይዟል። ቆርቆሮው ልሰብሰብ ይላል፣ ምስማሩ አልለቅም ይላል። ውጥረቱ ሲበዛ በድንገት ሸርተት ይላል፤ «ቀው» ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀጣዩ ምስማር፣ ከዚያ ቀጣዩ። ምስማር በመስመር ስለሚመታ ድምፁም ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሄዳል። እግር ያወጣል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ጠዋት ፀሐይ ጣሪያውን ስትመታ ያዳምጡ፤ ያው ድምፅ ይመለሳል። ሰማዩ ደመና ለብሶ በዋለ ቀን ምሽት ደግሞ ይቀንሳል። ሰዓቱንና የአየሩን ጠባይ ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ሁለተኛው፣ የሚጎተተው፣ አይጥ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። ከልጆችዎ አንዱ ይምጣና ሥራ ይሥራ። የኮርኒሱን መግቢያ ከፍቶ፣ በወንፊት የተነፋ አመድ ስስ አድርጎ ይነስንስ። መሰላሉ ላይ እርስዎ አይውጡ። ዱቄትም አይሁን፤ ዱቄት ከሆነ እንግዳው ራት ቀረበልኝ ብሎ ዘመድ ይጠራል። ጠዋት ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርጎ ያብራበት። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ትንሿ ዱካ እንኳ ጥላ ትጥላለች። የአይጥ የፊት እግር 4 ጣት፣ የኋላው 5 ጣት ነው። አንዳንዴ በመሀል የጅራቱ መስመር ይታያል። እንዲህ ያለ ዱካ ካገኙ ልጅዎ ወጥመድ ይግዛ።

ይህን የአመድ ዘዴ ከሙያ ትምህርት ቤት አላመጣሁትም። ተረፈ ዳንኤል ላይ ያለ ነው። ባቢሎናውያን ቤል ለሚሉት ጣዖት በየቀኑ ዱቄት፣ 40 በግና ወይን ያቀርባሉ። ጠዋት ሁሉም ተበልቶ ይገኛል። ንጉሡ ቂሮስ፣ ይህን ሁሉ የሚበላ እንዴት ሕያው አምላክ አይሆንም ይላል። ዳንኤል ክርክር አላበዛም። ካህናቱ ከወጡ በኋላ፣ ንጉሡ ብቻ እያየ፣ ወለሉ ላይ አመድ አስነሰነሰ። በሩ ተዘግቶ በንጉሡ ማኅተም ታተመ። ጠዋት ማኅተሙ አልተነካም፣ ምግቡ ግን የለም። ንጉሡ ቤልን ማመስገን ሲጀምር ዳንኤል ይዞ አስቆመውና ወለሉን አሳየው። የወንድ፣ የሴትና የሕፃናት ዱካ! 70ው ካህናት ከነቤተሰባቸው በጠረጴዛው ሥር ባለ ስውር በር ሌሊት እየገቡ ይበሉ ነበር። ዳንኤል በዚያ ሌሊት ሁሉንም ያሟላል። የታተመ በር፣ ምስክር፣ ዱካ የሚይዝ ወለል። እኔ ባትሪ ነው የጨመርኩበት።

ጥያቄ፦ ዲያቆን፣ ጽሑፎችህን እከታተላለሁ፤ ግን ታሳዝነኛለህ። መንፈስን በመሣሪያ መመርመር ድፍረት ነው። ጌታ አጋንንትን ያወጣው በቴርሞሜትር ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እኔም በቴርሞሜትር አላወጣም። ወንድሜ፣ ጋኔን የለም ብዬ ጽፌ አላውቅም። ወንጌሉን የማነብ ሰው ነኝ። ያልኩት፣ ቆርቆሮ ሲንቋቋ ጋኔን መጣ አትበሉ ነው። «መንፈስን ሁሉ አትመኑ፥ ነገር ግን መናፍስት ከእግዚአብሔር ሆነው እንደ ሆነ መርምሩ» የሚለው ዮሐንስ እንጂ እኔ አይደለሁም።

አንድ ሰው ላስተዋውቅህ። እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን ላይ አዲስ ወረት ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው እጃቸውን ይዘረጉበታል፤ ጠረጴዛው ይዞራል። አንዱ የሙታን መንፈስ ነው ይላል፣ ሌላው ኤሌክትሪክ፣ ሌላው ሰይጣን። ማይክል ፋራዴይ ጉዳዩን ያዘው። ዛሬ ትራንስፎርመርና ጄኔሬተር የሚሠሩበትን ሕግ ያገኘው እሱ ነው። ሳንደማኒያን የምትባል ትንሽ ክርስቲያን ማኅበር ታማኝ አባልም ነበር። ካርቶኖች ደራረበ፣ በመሀላቸው ለስላሳ ማጣበቂያ አደረገ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ሰዎቹ እጃቸውን የላይኛው ካርቶን ላይ ያሳርፋሉ። ቀድሞ የሚሄደው ጠረጴዛው ከሆነ የታችኛው ካርቶን ይቀድማል፤ እጅ ከሆነ የላይኛው። የቀደመው የላይኛው ነበር። ቀጥሎ እጃቸው ወደ ጎን ሲገፋ የሚጠቁም ቀላል መሣሪያ ሠራ። ጠቋሚውን እያዩ ሲቀመጡ ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

ልብ በልልኝ፤ ሰዎቹ አጭበርባሪ አልነበሩም። እየገፉ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለኝን ሰው ውሸታም የማልለው ለዚህ ነው። አይቷል። ያየው ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም።

የካቶሊኮቹንም ብትጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አጋንንትን የማስወጣት ሥርዓታቸው ካህኑ ነገሩ ሕመም አለመሆኑን ከባለሙያ ጋር እንዲያረጋግጥ ያዛል። ፈረንሳይ ውስጥ ሉርድ በሚባለው የካቶሊኮች መሳለሚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ የሐኪሞች ቢሮ አለ። ከ7,000 በላይ የመፈወስ ጉዳዮች ቀርበውለታል። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተአምር ያለቻቸው 70 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ውሸት ናቸው አላለችም፤ ማኅተሟን ነው የነፈገቻቸው። እኔም መዝገቤ ላይ «አልታወቀም» ብዬ የዘጋኋቸው ገጾች አሉ። ከጎኑ ጋኔንም ተአምርም ብዬ አልጨመርኩም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለፈተና ስቅም አድሬ በነጋታው ስተኛ ዱካክ ይጫነኛል። ነቅቻለሁ፣ ዶርሙን አያለሁ፣ ግን ጣቴን ማንቀሳቀስ አልችልም። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል። ጓደኞቼ ጨብሲ ጠጣና ተኛ ይሉኛል።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻን ያስራል። ባያስር ሕልማችንን እየተራገጥን እንፈጽመው ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና እስሩ ይዘገያል፤ ሕልሙም ዓይንህ ተከፍቶ ይቀጥላል። ትንፋሽ የከበደህ ለዚህ ነው፤ መተንፈስ ግን አላቆምክም። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ አሮጊት ናት ደረት ላይ የምትወጣው ይባላል። እንግዳው እንደየአገሩ ይለያያል፣ አመጣጡ ግን አንድ ነው። እንቅልፍ ሲጓደል፣ ሰዓቱ ሲዛባና በጀርባ ሲተኛ ይበዛል። ጫቱ እንቅልፍህን ገፍቶ ገፍቶ በአንዴ ይለቅብሃል። አልኮል ስትደርብበት ደግሞ እንቅልፍህን ይበልጥ ይሰባብረዋል።

በጎንህ ተኛ። ሲይዝህ አትታገል፤ የእግርህን አውራ ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክር፣ በልብህም አቡነ ዘበሰማያት በል። እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ጸሎት ያረጋጋል፣ የተረጋጋ ሰው ቶሎ ይለቀዋል። ለፈተናው ደግሞ አስቀድመህ አጥና፣ ምን ልበልህ።

ጥያቄ፦ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ጠበል ስንወስዳት አንድ አጥማቂ ኪኒኑን ካላቆመች መንፈሱ አይለቅም አለ። ፌኖባርቢታሏን ካቆመች ሦስት ቀኗ ነው።

መልስ፦ ይህን እንዳነበብኩ በስልክ ደውዬላቸዋለሁ። እዚህ የማትመው ሌላ ቤትም ስላለ ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ይገድላል። ዛሬውኑ ሐኪሟ ጋ ውሰዷት። ጠበሉን ተዉ አላልኩም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ከፓትርያርክ በላይ የሚያጠብቅ አጥማቂ ካጋጠማችሁ ተነሡና ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤዝመንት ተከራይቻለሁ። የቤቱ ማሞቂያ ማሽን ካለበት ክፍል አጠገብ ስቀመጥ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን መንፈስ የሚለይ ሜትር ገዛሁ። የኤሌክትሪክ ፓነሉ ጋ ሳደርሰው ቀይ ያበራል።

መልስ፦ ማብራቱማ ደንቡ ነው። ያ ሜትር የሚለካው የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስክን ነው፤ ፓነል አጠገብ ካላበራ ነው መመለስ ያለብህ።

«ከኋላዬ ሰው አለ» ላልከው የቪክ ታንዲን ነገር ልንገርህ። እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻውን እየሠራ ላብ ያጠምቀዋል፤ በዓይኑ ጠርዝ ግራጫ ነገር ያያል፣ ዞር ሲል የለም። በነጋታው ማሰሪያ ላይ ያጠበቀው የሻሞላ ስለት ማንም ሳይነካው ሲርገበገብ አገኘው። ሲከታተለው በቅርቡ የተገጠመ የአየር ማውጫ ፋን ሆነ፤ በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ፣ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይለቅ ነበር። ፋኑ ሲስተካከል ነገሩ ቀረ። በ1998 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በኋላ የተሠሩ ሙከራዎች ግን ሁሉም አልደገፉትም፤ ስለዚህ ለሁሉ በር የሚሆን ቁልፍ አታድርገው።

ጓደኛህ የማሽኑን ፋን አንዳንድ ማታ ያጥፋው፣ አንዳንድ ማታ ይተወው፤ አይንገርህ፣ አንተም እንዳትሰማ ሙዚቃ ክፈት። ስሜቱ የመጣበትንና ያልመጣበትን ማታ ጻፍ፤ እሱም የራሱን ይጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና ላኩልኝ። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ለኮልፌዋ እህታችን የጻፍኩትን አንብብና ዛሬውኑ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዛ። መኝታህ አጠገብ ስቀለው፤ ቢጮህ ወዲያው ውጣና ለእሳት አደጋ ደውል።