ፕሮጀክተሩን መቼ ላብራ፣ መቼ ላጥፋ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ክፍላችን ፕሮጀክተር ገባለትና ኃላፊያችን በየክፍለ ጊዜው ተጠቀሙበት አሉን፣ እኔም ማታ ማታ ስላይድ ስሰራ አመሻለሁ፣ ልጆቹ ጸጥ ብለው ያያሉ ግን በማግስቱ ስጠይቃቸው ምንም የለም። በጠመኔው ብቀጥል ይሻለኝ ነበር ወይስ አጠቃቀሜ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጸጥታው አያታልልሽ፣ ልጅ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዝም ማለቱ ያለ ነው፣ ገብቶታል ማለት ግን አይደለም። እኔም ጀማሪ እያለሁ ስላይድ እያነበብኩ አንድ ሴሚስተር ጨርሻለሁ (ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል)። ተማሪው ጽሑፉን ባይኑ እያነበበ አንቺም እዛው ላይ ስታነቢለት ሁለቱ ይጋጩበታል፣ ሪቻርድ ሜየር የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደጋግሞ ያየው ነገር ነው።

ስሌት ከሆነ ፕሮጀክተሩን እርሺው፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፍሽ እያጠፋሽ ስሪላቸው፣ በእጅሽ ፍጥነት እነሱም ያስባሉ። ፕሮጀክተር ዋጋ የሚያወጣው ባይን የማይታይ ነገር ሲመጣ ነው። ለምሳሌ ኤሌክትሪክ፣ አምፖልና ባትሪ ድንጋይ ካለሽ መጀመሪያ እሱኑ ይዘሽ ግቢ፣ በሽቦው ውስጥ የሚሄደውን ግን ማንም አያየውም፣ እዚጋ ፌት (PhET) የሚባለውን ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራውን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክፈቺ። ነጻ ነው፣ አውርደሽ ካስቀመጥሽው ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል፣ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው።

ግን ዝም ብለሽ እንዳትከፍቺው! «እዚሁ መስመር ላይ ሁለተኛ አምፖል ብቀጥል የመጀመሪያው ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂና እያንዳንዱ ደብተሩ ላይ ግምቱን ይጻፍ። ይደበዝዛል ያለውና እንዳለ ይቆያል ያለው ትንሽ ይከራከሩ፣ ከዛ አሳዪያቸው፣ ኤሌክትሮኖቹ ቀስ ሲሉ ያዩታል። አይተው ሲጨርሱ ስክሪኑን አጥፊው፣ ፓወርፖይንት ላይ ከሆንሽ የእንግሊዝኛዋን «ቢ» (B) ፊደል ስትጫኚ ይጨልማል፣ ያኔ ዓይናቸው ወዳንቺ ይመለሳል።

የማግስቱ ነገር ደሞ ቴክኖሎጂም አይፈልግም፣ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ደብተር ተዘግቶ የትናንቱን ከጭንቅላታቸው ይጻፉ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ እንዲህ አስታውሶ ማውጣት ለረጅም ጊዜ እንደሚያስቀምጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል።

ኃላፊሽን አትጋፊያቸው፣ የትምህርት እቅድሽ ላይ የሚበራበትንም የሚጠፋበትንም ደቂቃ ከነምክንያቱ ጽፈሽ አሳዪያቸው፣ ከዛ አንድ ቀን ክፍል ገብተው እንዲያዩልሽ ጋብዣቸው።