ብቻን መቀመጥ ማኩረፍ አይደለም

ልጆቼ፣

በነርስነት ብዙ ዘመን ያገለገልኩት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው። መንዝ ላይ፣ ደብረ ሲና ላይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደብረ ብርሃን። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከወጣቶች ጋር ማውራት ግን አላቆምኩም። ደጋግማችሁ የምትነግሩኝ አንድ ነገር አለ፤ «ቤት ውስጥ ለራሴ የምሆንበት ቦታ የለኝም» ትሉኛላችሁ። አምናችኋለሁ። አንድ ክፍል ተከራይቶ መላው ቤተሰብ የሚያድርበትን ቤት ገብቼ አይቻለሁ።

ችግሩ ግን የቤት ጥበት ብቻ አይመስለኝም። በእኛ አገር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያሳስባል። «ምነው? አመመህ እንዴ?» ይባላል። «ከማን ተጣላሽ?» ይባላል። ትንሽ ከቆየ «አኩርፏል» ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው። የታመመ ጎረቤት ብቻውን እንዳይቀር፣ ያዘነ ሰው አስታዋሽ እንዳያጣ ያደረገው ይኸው ጠባያችን ነው፤ ባይኖር ይጎዳን ነበር። ግን ሰው በቀን ጥቂት ደቂቃ ከራሱ ጋር መሆን እንደሚያስፈልገው ካልተነጋገርን፣ ሰፊ ቤት ያለውም ቦታ አያገኝም።

ስለዚህ ለብቻ የምትሆኑበትን ጥግ በመጋረጃና በምንጣፍ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ንግግር ይቅደም። «እማዬ፣ ማታ ከራት በኋላ ትንሽ ለብቻዬ ልቀመጥ ነው። አላመመኝም፣ አላኮረፍኩም። ስጨርስ መጥቼ አብሬሽ እቀመጣለሁ» በሏት። ሰዓቱን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩ፤ በየቀኑም ያው ይሁን። ጊዜው የታወቀ ከሆነ ቤተሰብ ይለምደዋል፤ ትንሹ ልጅ ሳይቀር «አሁን ሰዓቷ ነው» ማለት ይጀምራል። ቦታው የእናንተ የሚሆነው ያኔ ነው።

ሴቶች ልጆቼ፣ ለእናንተ ነገሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ወንድምሽ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አረፍ ይላል፤ አንቺ ቦርሳሽን አስቀምጠሽ ወደ ጓዳ ነው። ውሃው፣ ሊጡ፣ ዕቃው፣ የሕፃኑ ልብስ ይጠብቅሻል። ብቻሽን የምትሆኚው ሁሉም ሲተኛ ነው። ያኔ ደግሞ የምትወስጂው ጊዜ ከእንቅልፍሽ ላይ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ደግሞ ከዚያ በላይ መተኛት አለበት። የቤቱ ሥራ ሳይከፋፈል ጥግ ማዘጋጀት ለአንቺ ትርጉም የለውም። ወንዶች ልጆቼ፣ ይህን አንብባችሁ እንዳታልፉ። ራት የተበላበትን ዕቃ እናንተ እጠቡ። ውሃውን እናንተ ቅዱ። የእህታችሁ ደቂቃዎች የሚገኙት ከዚያ ነው። አባቶችም ወንድ ልጃችሁን ስታዙት እሰዬው ነው።

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። መንዝ ሳለሁ ያየሁት ሌላ ነው። አባቶች ሳይነጋ ተነስተው ዳዊት ይደግማሉ። መዝሙረ ዳዊት ለሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ፣ የዕለቱን ድርሻ ሳያደርሱ ከቤት መውጣት አይወዱም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ልጆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ግን ያን ሰዓት ማንም አይጠራቸውም። በሸዋ ሮቢትና በኤፍራታ በኩል ባሉ ሙስሊም ቤቶችም መስገጃው ተነጥፎ ሶላት የቆመ ሰው ፊት አይታለፍም። ያን ቦታ ያስከበረለት የቤቱ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማወቁ ነው። ለሱባዔ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የምትሄዱ አላችሁ፤ መልካም ነው። ግን ሱባዔ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ሌላውን ጊዜ የምንኖረው ቤታችን ውስጥ ነው።

ቦታውን እንዴት እንምረጥ ላላችሁኝ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩን ታውቁታላችሁ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ወይም በር ካለ እሱን ያዙ። ሙቀቱ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። ጠዋት ዓይን ብርሃን ሲያይ ሰውነት ቀንና ሌሊቱን ያስተካክላል፤ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። አንድ በርጩማ፣ አጎዛ ካለ አጎዛ፣ ከላይ ጋቢ። ከመንዝ ሱፍ የተሠራ ባና ቤታችሁ ካለ ሌላ ምንም አትግዙ። ቲክቶክ ላይ የምታዩት የሚያበራ ጌጥና ሽታ ያለው ሻማ ገንዘብ ማባከን ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ግን ይኑር። ስልኩ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ አድምጡኝ። ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ማንደጃ ይዛችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትቀመጡ። «ጭሱ ወጥቷል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ከእንግዲህ አይጎዳም» የሚለውን አትመኑ። ሰው የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ከቀላው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ አቅም ያሳጣል። ሰው ድካም መስሎት ጋደም ይላል፤ በዚያው ይቀራል። ይህ ስሜት ከመጣባችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን አውጡ፣ ከዚያ ጤና ተቋም ሂዱ። ለሙቀት ጋቢ፣ ካልሲና ሙቅ ሻይ ይበቃል።

ቆላ ያላችሁት ሌላ ነው ነገራችሁ። ሸዋ ሮቢት ማታ ደጅ መቀመጥ ደስ ይላል፤ ግን የወባ ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ከመሸ በኋላ ነው። ጠዋቱን ምረጡ፤ ማታ ከሆነ አጎበር ውስጥ።

ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ? ብዙ ነገር አትደርድሩ። ማታ ለብ ባለ ውሃ እግራችሁን ታጠቡ። እናቶቻችን ከመንገድ የመጣውን እንግዳ እግር የሚያጥቡት ለክብር ነበር፤ ለሰውነትም ይጠቅማል። እግር ሲሞቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የውስጥ ሙቀት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እንቅልፍም ይቀርባል። ከዚያ ትንፋሻችሁን አስተውሉ፤ ስታስወጡ ከምታስገቡት ረዘም አድርጉት። ልብ ይረጋጋል። ከዚያ የዋለባችሁን ጻፉ። ዛሬ ምን አናደደኝ? ማንን አስከፋሁ? ነገ ለማን ልደውል? ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። ያ ደብተር የእናንተ ብቻ ነው፤ ወላጆች ሆይ፣ አትክፈቱት።

አንድ ከባድ ነገር ይቀረኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ሲያልፍ ብዙዎቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። ቤት የተቃጠለባችሁ፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅላችሁ እዚህ የተጠጋችሁ፣ ሰው የሞተባችሁ አላችሁ። ለእናንተ ብቻን መቀመጥና ዓይን መጨፈን ያያችሁትን መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ያ ከመጣ አትታገሉት፣ ተነሱ። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፣ የሚታያችሁን ዕቃ በስሙ ጥሩ፣ ወደ ሰው ሂዱ። ለእናንተ ለጊዜው የምታምኑት ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ደስታ ካጣባችሁና ይህ ሁለት ሳምንት ከቆየ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሞት ሞት ካላችሁ ግን አንድም ቀን አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሂዱ። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ያየሁት ነገር ይመላለስብኛል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ከፈራችሁ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከበር ላይ ማንም አይመልሳችሁም።